ጨዋው ልጅ

ይህን የምጽፈው እንድትፈሩ ብዬ አይደለም... አፍሬ ነው። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ቦታው ጋምቤላ ነው፤ ባሮ ዳር ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ። ጊዜው መጋቢት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ዘውዱ እባላለሁ። ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ያን ቀን መብራት ጠፍቷል፣ ርቦኛል፣ ክፍሉ በሕፃናት ለቅሶ ሊፈነዳ ደርሷል። መጨረሻ ላይ ኛቦል የምትባል እናት የስድስት ሳምንት ልጇን ይዛ ገባች።

ወጋሁት።

ልጁ ዝም...

"ዶክተር" አለችኝ በቀስታ። እዚህ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። "ይሄ ልጅ አያለቅስም። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይተኛል። ምንድነው?"

"ጨዋ ነው። ደስ ይበልሽ!"

"ጨዋ... ምንድነው?"

"ጥሩ ልጅ ማለት ነው። እናቱን አያስቸግርም።"

ሳቀች። እኔም ካርዱ ላይ "ጤነኛ" ብዬ ጻፍኩና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ልጁ አሥር ሳምንት ሲሞላው ተመልሳ መጣች። ውጭው እሳት ነው፤ የልጁ እግር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ምላሱ ወፍሮ ከአፉ ወጣ ብሏል።

አየሁት... አለፍኩት።

"ስም ጻፍ" አለችኝ። "ኪየር ነበረ። አሁን ጨዋ ነው። አንተ አወጣህ።"

ጻፍኩላት። እንዲያውም ኮራሁ።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለጉብኝት የመጣች ሐኪም ልጁን አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ጥግ ይዛኝ ሄደች።

"አንገቱ ላይ ያለችው እጢ ሆርሞን እያመረተች አይደለም" አለች በሹክሹክታ። "የአንጎልን ነርቮች የሚደግፉና የሚሸፍኑ ሴሎች አሉ። 'እደጉ' የሚል መልእክት የሚያደርስላቸው ያ ሆርሞን ነው። አልደረሳቸውም።"

"ክኒን አለው አይደል፣ ዶክተር?"

"አለው፤ ዛሬውኑ ይጀምራል። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን ኖሮ... ማነው ሲያየው የነበረው?"

"ጤነኛ" ብዬ የጻፍኩበትን ካርድ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ኮሌጅ እያለሁ ይህ በሽታ ፈተና ላይ መጥቶልኛል። የማያለቅስ፣ ገላው የሚቀዘቅዝ፣ ምላሱ ትልቅ ሕፃን... በትክክል መልሼዋለሁ።

ክኒኑን ለኛቦል የሰጠኋት እኔ ነኝ። "በየቀኑ ስጪው፤ ለጉልበት ነው" አልኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን መደበቁን አልቻልኩም። የቀጠሮዋ ቀን ነበር... ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ክፍሉ በለቅሶ ተሞልቷል።

ኛቦል ስትገባ ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።

ሁሉም እኔን ያያሉ...

"ኛቦል..." አልኳት። "ልጅሽ ጨዋ ሆኖ አልነበረም። ታሞ ነበር። ያላወቅኩለት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ። ልጅ ነገረኝ።"

"እሱ... አይናገርም እኮ!"

"ይናገራል። ሰባት ሰዓት ሲሆን።" ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። "ባንተ ድምፅ።"

ልጁን አሳቀፈችኝ። እግሩ አሁንም በረዶ ነው። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም...

"ጨዋ ነው" አለ የእኔው ድምፅ፣ ከልጁ ደረት ውስጥ። "ደስ ይበልሽ!"