የሐኪሟ ግራ ጉንጭ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ጆሮ ግንዱን የመታው፣ ወረቀት እንዳይበር የሚጫንበት ብረት ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁ ግን ወደ ፊት እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ መዳፉ ላይ ቀራጺዎች ዓይናቸው ላይ የሚገጥሟት ትንሽ አጉሊ መነጽር አለች።

«ምስኪን! ሥራው ላይ እንዳለ ነው የተመታው» አለ የቴምብር ማተሚያ ቤቱ ዳይሬክተር በሩ ላይ ሆኖ። ከምሳ መመለሱ ነበር።

መርማሪዋ ከቁስሉ ይልቅ የተዘረጋውን እጅ ረዘም አድርጋ አየች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን ይቀራል።

ጠረጴዛው ላይ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ የብረት ሰሌዳ ነበረች። አገሪቱ የምታከብራቸውን ሰዎች መልክ በየዓመቱ በቴምብር ታወጣለች። የዘንድሮዋ ተረኛ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችው ዝነኛዋ የዓይን ሐኪም ነበረች፤ ሟቹም አራት ወር ሙሉ ፊቷን ብረት ላይ ሲቀርጽ ከርሟል። መርማሪዋ ሰሌዳዋን ጎንበስ ብላ መረመረች፣ በመሐረቧ ሸፈነቻት፣ በሩ ላይም ፖሊስ አቆመች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሕንፃው አካባቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ በየተራ አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ የመጣው ረዳት ቀራጺው ነው፤ አጉሊ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፊደልና ቁጥር! ፊት አያስነካኝም ነበር።»

«ትቀናበት ነበራ?»

«እንዴት አልቀናም? እጄን እየበላኝ ነው የኖርኩት። ግን እሱን ገድዬ ከማን ልማር?»

«ስትለየው ምን ቀርቶት ነበር?»

«ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ አለች፤ እሷ ብቻ። ‹ጨርሻት እመጣለሁ፣ አንተ ሂድና ብላ› አለኝ። ጓሮ ሄጄ ብቻዬን በላሁ።»

«ብቻውን!» አለ ዳይሬክተሩ። «የምን ምርመራ ነው ከዚህ በላይ? ይታሰር!»

ረዳቱ ወደ መርማሪዋ ዞረ። ምስክር የሌለው ሰው መሆኑን ራሱም ያውቃል።

ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ሚስት ናት። ያመጣችለትን የምሳ ዕቃ እንደታቀፈች ነበር።

«በሞተች ሴት ይቀናል?» አለች ሳትጠየቅ። «እኔ ቀናሁ። ንድፏን መኝታ ቤታችን ሰቀለው። ዓይኔን ስገልጥ እሷ፣ ስከድን እሷ! ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር የእኔን ፊት አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ትኩር ብሎ አላየውም።»

«ነጥቧ የትኛው ጉንጯ ላይ ነው፣ እትዬ?»

«ግራዋ ላይ። ምኗ ይጠፋኛል? በቃሌ ይዣታለሁ!»

ሦስተኛው የሐኪሟ ባል ነው። እሱም የዓይን ሐኪም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከጎኗ ሠርቷል። ሰው ግን ስሙን ትቶ «የሐኪሟ ባል» ይለዋል። አቤቱታ ይዞ ዳይሬክተሩን እየጠበቀ ነበር።

«አቤቱታው ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

«ቴምብሩ ላይ አብሬያት እንድወጣ ነዋ! ክሊኒኩን የከፈትነው ሁለታችን። እሷ ቀዶ ጥገና ስታደርግ መብራት የያዝኩላት እኔ። እሷ ስትሸለም ቦርሳዋን የያዝኩላት እኔ። ሞታም ብቻዋን ትታይ?»

«ቀራጺውን አነጋግረውታል?»

«ክፍሉን ረግጬው አላውቅም።»

«ሥራውንስ እንዴት አዩት?»

«አበላሽቷታል! እኔ በገዛ እጄ ባነሳኋት ፎቶ ላይ ነጥቧ ግራ ጉንጯ ላይ ናት፤ እሱ ቀኟ ላይ አደረጋት። ሠላሳ ዓመት ያየኋትን እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ አራቱንም ወደ ቀራጺው ክፍል አስገባቻቸው።

«ዳይሬክተር፣ ሥራው ላይ እንዳለ ነው የተመታው ብለውኝ ነበር። ቢሆን ኖሮ አጉሊው ዓይኑ ላይ ይገኝ ነበር። ይህ ሰው የሞተው ለአንድ ሰው ‹እንካ፣ እይ› እያለ ነው። ለማን? ረዳቱ የራሱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ የሌላ አያስፈልገውም።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ነጥቧ ፎቶው ላይ ግራ ናት። ንድፉም ላይ ግራ ናት፤ እትዬ በቃላቸው ይዘዋታል። ቀኝ ላይ የምትታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው።» መሐረቡን ገለጠች።

«ውይ! ተገልብጣለች» አለች ሚስትየው።

«ብረት ላይ ገልብጠን ነው የምንቀርጸው» አለ ረዳቱ። «ወረቀት ላይ ስትታተም ትቃናለች።»

«ነጥቧ የተቀረጸችው ደግሞ አንተ ለምሳ ከወጣህ በኋላ ነው። ገና አንድም ወረቀት አልታተመም፤ ሰሌዳዋን እኔ ሸፍኛታለሁ። ታዲያ ክፍሉን ረግጬው አላውቅም ያሉት ዶክተር ነጥቧን ቀኝ ላይ የት አዩዋት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ለመንኩት» አለ ዶክተሩ። «‹በሕይወት ያለ ሰው ቴምብር ላይ አይወጣም፤ እስቲ መጀመሪያ ይሙቱ› ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ‹ይልቅ ይቺን አጉሊ ይያዙና ቀረብ ብለው ይዩ› አለኝ። ቁንጅናዋን ሊያሳየኝ መሰለኝ። እሷን፣ እሷን፣ ሁልጊዜ እሷን! ደሜ ፈላ።»

«እስቲ አትም» አለች መርማሪዋ ረዳቱን።

ረዳቱ ሰሌዳዋን ቀለም ቀባ፣ ጠረገ፣ በእጅ ማተሚያው ተጫነ። ሐኪሟ መነጽሯን እንዳደረገች ወረቀቱ ላይ ወጣች፤ ነጥቧም ግራ ጉንጯ ላይ ተመለሰች። መርማሪዋ የሟቹን አጉሊ ለዶክተሩ ሰጠችው።

«ሊያሳይዎት የፈለገውን አሁን ይዩት። መነጽሯን።»

ዶክተሩ ጎነበሰ። በሐኪሟ መነጽር መስታወት ላይ ከጉንዳን ያነሰ ሰው ቆሟል፤ ካሜራ ዓይኑ ላይ ደግኗል።

«ፎቶውን ሲያነሱ መነጽሯ ውስጥ ገብተዋል» አለች። «ቀራጺው አልተወዎትም። ደንቡን ጥሶ በድብቅ አስገባዎት።»

ሰውዬው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የስንቱን ዓይን ሲያበራ የኖረ ሰው፣ የራሱን መልክ ሳያይ ነፍስ አጠፋ።

«እንዴ!» አለ ዳይሬክተሩ ተቀብሎ ካየ በኋላ። «በሕይወት ያለ ሰው፣ ያውም ነፍሰ ገዳይ! አሁኑኑ ፋቀው!»

ረዳቱ የጌታውን መቅረጫ አነሳ። አሥራ አምስት ዓመት የተመኘው ፊት አሁን ከፊቱ ተቀምጧል።

«ቆይ» አለች ሚስትየው። ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ይህ ሰው እስር ቤት ሲገባ ደብዳቤ ይደርሰዋል?»

«ይደርሰዋል።»

«እንግዲያው እንዳትፍቀው፣ ልጄ። ይቺን ቴምብር እየለጠፍኩ እኔ እጽፍለታለሁ።»