«አልፏል» የተባለው መሣሪያ

ደምሌ ከባሕር ዳር በዓመት ሁለቴ ይመጣል። የሚመጣው ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ንፋስ መውጫ በምሠራበት ትንሽ የአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለውን፣ በብርሃን የአፈርን ፎስፈረስ የሚለካውን መሣሪያ ሊፈትሽ ነው። ስታንዳርድ የምንላቸውን ትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ ይመጣል። ውስጣቸው ያለው መጠን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መሣሪያው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ካነበበ ጤነኛ ነው፣ ካላነበበ ታሟል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ግን ከሦስተኛው ጉብኝቱ ወዲህ ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

በኅዳር ሲመጣ ድክም ብሎኝ ነበር። የምሠራው ብቻዬን ነው፤ አፈሩ ደግሞ ከታች ጋይንት ሳይቀር በፌስታል እየታሰረ ይመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያው እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። ሌላ ጊዜ ያ ግማሽ ሰዓት የእኛ ነበር። ያን ቀን ግን ደምሌ ዓይን ለዓይን እንዳንገናኝ ጠርሙሶቹን ደጋግሞ ይወለውላል።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ አስገባ። አራት ማንበብ የነበረበት መሣሪያ ስድስት አነበበ። ደገመው። ያው ስድስት።

«እንዲህ በአንድ ጊዜ አይበላሽም» አልሁት። «በሚያዝያ ስንት ነበር?»

የወለወለውን ጠርሙስ አንሥቶ እንደገና ይወለውል ጀመር።

«ደምሌ፣ እየጠየቅሁህ እኮ ነው።»

«አምስት ተኩል። አልፏል ብዬ ፈረምሁ።»

«ለምን?»

«አላለፈም ብል መሣሪያው ይወሰዳል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ አንቺን ሲማዳ ያዛውሩሻል። ከዚያ በምን ሰበብ አገኝሻለሁ? ለአንቺ ብዬ ነው፣ መዓዛ።»

ዓመት ሙሉ ልሰማው የጓጓሁለት ቃል መጣ፤ ምናለ በዚህ መልክ ባይመጣ! ተናደድሁ፣ ደስም አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አፈርሁ። መዝገቡን ገለጥሁ። ከሚያዝያ ወዲህ በዚሁ አብዝቶ በሚያነብ መሣሪያ አርባ ገበሬ «አፈርህ ጠግቧል፣ ማዳበሪያ ቀንስ» ብዬ ሸኝቻለሁ። አንዱ የገዛ አባቴ ነው። ገብሱ ቀጭጮበት «የእግዜር ነገር ነው» ብሎ ተቀምጧል።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ ደምሌ ቀስ ብሎ።

«መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክል። ቀጥሎ አባዬ ዘንድ ራስህ ሄደህ ትነግረዋለህ። ሌሎቹን አብረን እናዳርሳለን።»

«ከዚያ በኋላ ልጁን ይሰጠኛል?»

«እንጃ» አልሁት። እውነቴን ነበር።

«አላለፈም» ብሎ ጻፈ፤ የሚያዝያውን ሐሰትም ጨምሮ ፈረመበት። ከሥራ ሊያስባርረው እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ከከተማው በእግር ወረድን። አባቴ አዱኛ አውድማው ላይ ገብስ ይወቃ ነበር። ደምሌ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ሁሉንም ዘረገፈው፤ መሣሪያው መታመሙን፣ እያወቀ መፈረሙን፣ ለምን እንደፈረመም ጭምር።

«ገብስዎን ያቀጨጨው እግዜር አይደለም፣ አባቴ። እኔ ነኝ» አለ።

አባዬ ሥራውን አቁሞ መንሹን ተደገፈ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ልጄን ፈልገህ ሽማግሌ ሳትልክ ነው እንዲህ የምትነግረኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ይህን ሳልነግርዎ እንዴት ልላክ?»

«እኔ ለእናቷ ሽማግሌ ስልክ ‹አራት በሬ አለው› አስብዬ ነበር። አንድ ነበረኝ፤ እሱም የወንድሜ።»

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ የዘንድሮዋን ትንሽ ክምር ሲያይ ቆየና መንሹን ለደምሌ አቀበለው።

«ያዝ፣ ገልብጥ። ሽማግሌዎችህንም ላክ። የፈለጉትን ያህል ይዋሹልህ፤ እኔ እንደሆን ካንተው ሰምቻለሁ።»