አራቱ ራይቶች

«ቀስ በይ እንጂ! ውሃውን አደፈረስሽው» አለ ጓደኛዋ።

ችኩሏ እጇን እስከ ክርኗ አኳሪየሙ ውስጥ ነክራ ቅጠል ትገለብጣለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ምሳዋን ቆማ ትበላለች፣ የፈተና ወረቀት ስሟን ሳትጽፍ ታስረክባለች። ዛሬ ግን ብትቸኩልም አይፈረድባትም። እረፍቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።

የምትመረምራት ተክል ድንጋይ ላይ በክር የታሰረች አኑቢያስ ናት። በወር አንድ ቅጠል ካወጣች ተመስገን ነው። ትናንት የባዮሎጂ መምህራቸው ድንጋዩን ሲያዞሩት፣ ከኋላ ያሉት ቅጠሎች ተበሳስተው አገኟቸው። ወዲያው ቀንድ አውጣዋን ጠረጠሩ። እሷን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ሳያስፈቅድ ያመጣት ይኸው ጓደኛዋ ነው። «አንቺ የአኳሪየም ክበቡ ተጠሪ ነሽ፤ መርምረሽ ንገሪኝ» አሏት ቲቸር። «እሷ ከሆነች ባለቤቷም ከክበቡ ይወጣል።»

ከወጣ ምን ይውጠዋል? ሜዳ ላይ ኳስ የሚያቀብለው የለም። እረፍቱን ሁሉ የሚያሳልፈው እዚሁ አኳሪየሙ ሥር ነው።

«በእናትሽ፣ አልበላችም በያቸው። መስታወቱን ነው የምትልሰው።»

«ቲቸር ማስረጃ ነው የሚፈልጉት። አታልቅስብኝና አጉሊ መነጽሩን አቀብለኝ!»

ቀዳዳዎቹ መርፌ የወጋቸው ይመስላሉ፣ ዙሪያቸውም ቢጫ ነው። ያሉት ደግሞ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ ብቻ ነው። ጫፍ ላይ የበቀለችው አዲሷ ቅጠል እንከን የላትም። ቀንድ አውጣዋ ከሆነች ለስላሳዋን ትታ ጠንካራውን ለምን ታኝካለች?

«አልበላችም!» ብላ ዘለለች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተረጨ። «ተክሏ ፖታሲየም ጎድሏት ነው! ሲጎድላት ከአሮጌው ቅጠል ወስዳ ለአዲሱ ትሰጣለች። ቲቸር አስተምረውናል፣ አንተ ስታንቀላፋ።»

«እኔ በተራዬ ፖታሲየም ያለበትን ማዳበሪያዋን አንድም ሳምንት አላስቀረሁም!»

«አውቃለሁ፤ አዲሷ ደህና የሆነችው ለዚህ ነው። አንተ የጀመርከው ካለፈው ወር ነው። ይሄ ግን የቆየ ነው፣ ከአንተ በፊት...»

ከእሱ በፊት ተረኛዋ እሷ ነበረች።

ጓደኛዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ሠንጠረዥ ተመለከተ። «በአንቺ ወርማ አራት ራይት አለ፣ ለየሳምንቱ አንድ» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ማዳበሪያ ከተሰጣት ምን ሊጎድላት ይችላል? ቲቸር አያምኑሽም።»

አራቱንም ራይት ያደረገችው በአንድ ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰጥታ፣ «የቀሩትንም መስጠቴ አይቀርም» ብላ። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ውድድር መጣ፣ እሷም ረሳችው።

ጉንጯ ጋለ። ጠርሙሱ ተበላሽቶ ነበር ልበል? ግን እሱም የሚጠቀመው ያንኑ ጠርሙስ ነው። አላውቅም ልበል? ካለች ቀንድ አውጣዋም እሱም ዛሬውኑ ይወጣሉ። እግሯ መሬቱን ይመታል፣ እጇ አጉሊ መነጽሩን ያሽከረክራል። አፈረች፤ ከማፈሯ በላይ ደግሞ ፈራች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። «ተረጋግተሽ አስቢ። አንቺ መላ አታጪም።»

እንዲህ ባያምናት ይሻላት ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ቲቸር ቀንድ አውጣዋን የሚወስዱበትን ብርጭቆ ይዘው ገቡ።

«እህስ፣ ዶክተር? ጥፋተኛዋ ተገኘች?»

ጓደኛዋ አቀርቅሮ ቀንድ አውጣዋን ማየት ጀመረ። ችኩሏ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሠንጠረዡን ነቀለችና ቲቸር ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ተገኝታለች» አለች። «ይቀመጡ ቲቸር፤ ከሁለተኛው ራይት ልጀምርልዎት።»