ጋሽ ይልማ የማይተዉዋት ቫልቭ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይኼን ከመጀመሪያው ያዝልኝ። ሥራዬ የውሃ ላቦራቶሪ ነው፣ ናይሮቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የጉድጓድ ውሃ ስመረምር ነው የምውለው፣ ሰው መንፈስ አየሁ ሲለኝ "በስንት ሰዓት፣ በምን ብርሃን?" እያልኩ የማደርቅ ዓይነት ነኝ፣ ሚስቴ በዚህ ጠባዬ ስትማረር ነው የምትኖረው። እና የምነግርህን ሰምተህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም፣ እኔም በሰው ስስቅ ነው የኖርኩት።

ጋሽ ይልማ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የባሕር ውሃ የተሞላ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ነበራቸው፣ የሚያስጨንቃቸው ግን ዓሣው ሳይሆን ኮራሉ ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው፣ አጥንቱን የሚሠራው ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና አልካላይኒቲ ከሚባለው ነገር ነው፣ በየቀኑ ስለሚጨርሰው በየቀኑ መተካት አለበት። ካልሲየም ሪአክተር የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ጠጠር የተሞላ ቱቦ ነው፣ ከሲሊንደር ጋዝ ይገባበታል፣ ጋዙ ጠጠሩን ያሟሟዋል፣ የሟሟው ወደ ገንዳው ጠብ ይላል። በደቂቃ ስንት የጋዝ አረፋ እንደሚገባ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ ትመጥናለህ፣ ከመጠንክ በኋላ እጅህን ትሰበስባለህ፣ አለቀ።

ጋሽ ይልማ ግን እጃቸውን አይሰበስቡም። ገንዳውን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በደቂቃ ሠላሳ አረፋ እመጥናለሁ፣ የውሃውን አልካላይኒቲ እለካለሁ፣ መለኪያው ሰማያዊው ቢጫ እስኪሆን ጠብታ የምትቆጥርበት ነው፣ ስምንት ጠብታ፣ ስምንት ማለት ግሩም ነው። በሳምንቱ ስመለስ አሥራ አንድ፣ በሌላው ሳምንት ሰባት፣ ኮራሎቹ ጫፍ ጫፋቸው መንጣት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ነክተውታል?"

"ትንሽ ነው የነካኋት።"

"ለምን?"

"የአረፋው ድምፅ ልክ አልነበረም። አንተ ልጅ ቁጥር ብቻ ነው የምታየው፣ ስምንት አይበቃቸውም፣ ዘጠኝ ነው የሚፈልጉት።"

ድምፁ! መለኪያ እያለ በጆሮ! አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በዚያ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ፣ "ካሁን በኋላ ይችን ቫልቭ ከነኩ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው። ደህና ይዋሉ ሳልል ወጣሁ። ረቡዕ ልባቸው ቆመና ሞቱ።

ለቅሶ ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሰው እንደ ጉድ ሞልቶ፣ ገንዳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ሰው እያለቀሰ እኔ ዓሣ ልይ ለማለት አፈርኩ። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቱ ቀለል ሲል አንሶላውን ገለጥኩት፣ ገንዳው ጨልሟል፣ ሶኬቱ ተነቅሏል።

"ማነው የነቀለው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ለአራት ቀን ከገንዳው ሥር ፍራሽ ላይ ያደሩ ሴትዮ ናቸው። "ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይበራል እንዴ? ይኼም መብራቱ ቦግ ብሎ ዓሣው ሲጨፍር ነውር ነው ብዬ፣ ረቡዕ ማታ አብሬ ነቀልኩት። ፖሌ፣ ይቅርታ ልጄ፣ ምነው፣ ተበላሸ?"

ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። ፓምፕ የለ፣ ማሞቂያ የለ፣ አራት ቀን፣ መግማት ነበረበት። ግን አይሸትም፣ እመነኝ፣ ዓሣዎቹ ይዋኛሉ፣ ኮራሎቹም ለወትሮው ከማውቃቸው በላይ ተከፍተዋል። ለካሁ፣ ዘጠኝ። ብልቃጡን አጥቤ ደግሜ ለካሁ፣ ዘጠኝ። በሦስተኛው ላይ ጠብታ እየቆጠርኩ ሳለ ከካቢኔው ውስጥ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከፈትኩት። መብራት ሲጠፋ ጋዙ በራሱ ይዘጋል፣ አረፋ ሊኖር አይችልም፣ ግን አረፋው ሳይቸኩል ይወጣል። የሲሊንደሩን ቁልፍ ጠርቅሜ ዘጋሁ፣ ቡልቅ። ቱቦውን ነቅዬ በእጄ ያዝኩት፣ ምንም የማይወጣበት ደረቅ ቱቦ፣ አሁንም ቡልቅ።

"እትዬ ዘነበች፣ ይሰማዎታል?"

"አንተ ገና አሁን ነው የምትሰማው? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደል።"

የጋሽ ይልማ ባለቤት እትዬ አስቴር ከኋላችን ቆመው ነበር፣ ምንም አልደነገጡም። "ይልማ ነው" አሉ። "'ልጁ ተቀየመኝ፣ ቅዳሜ ሲመጣ እተውለታለሁ' ሲል ነበር የሰነበተው።" ማልቀስ አማረኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከለቅሶው ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ።

ከአርባው በኋላ እትዬ አስቴር አዲስ አበባ ሲገቡ ገንዳውን ለእኔ ሰጡኝ፣ "እንዳይሞቱብኝ፣ ከእሱ የቀረኝ ይኼ ነው" ብለው ቃል አስገቡኝ። ቤቴ ወስጄ ሁሉን በወጉ ገጠምኩ፣ ሠላሳ አረፋ መጠንኩ፣ ቫልቯ ላይ በሚስቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ። በማግስቱ ምልክቷ ወደ ግራ ዞራለች። መለስኳት፣ እንደገና ዞረች። ሚስቴን ጠየቅኩ፣ ተቆጣችኝ፣ ካቢኔውን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ይዤ ሥራ ዋልኩ፣ ዞራለች። ሰባት ወር ሙሉ! ቁጥሩስ? ዘጠኝ፣ አንድ ቀን ሳይዛነፍ ዘጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፣ እኔ ግን ቤቱ የእኔ፣ ገንዳው የእኔ፣ ሙያው የእኔ፣ ሰውዬው ሞተውም አልተዉኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ምልክቷን ስመልስ ንዴቴ ገነፈለ፣ ካቢኔው ውስጥ አንገቴን አስገብቼ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ጮኼ፣ "ጋሼ፣ ይበቃል፣ አሁን እንኳ ይተዉልኝ!" አልኩ። አረፋው ቆመ። ቆይቶ እንደገና ሲጀምር በሰዓቴ ቆጠርኩት፣ በደቂቃ ሠላሳ።

ከዚያ ወዲህ ምልክቷ ንቅንቅ አላለችም። ሰኞ ስምንት ለካሁ፣ ረቡዕ ሰባት፣ ዛሬ ጠዋት ስድስት። በመሃል ጠጠሩን ቀየርኩ፣ ጋዙን ጨመርኩ፣ በመጨረሻ ምልክቷን በገዛ እጄ ወደ ግራ አዞርኳት፣ ቁጥሩ አልመለስ አለ፣ የኮራሎቹ ጫፎች ነጡ። ይቅርታም ጠይቄያለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሚስቴ በር ላይ ቆማ እያየችኝ። ትናንት እትዬ አስቴር ከአዲስ አበባ ደውለው "ደህና ናቸው?" ሲሉኝ ደህና ናቸው አልኳቸው። ዛሬ ምልክቷን እንደገና ሠላሳው ላይ መልሼ፣ ምናልባት ያዞሩልኝ እንደሆነ ብዬ ሥራ ሄድኩ፣ ማታ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ካቢኔውን ከፈትኩ፣ እዚያው ናት፣ እኔ የተውኳት ቦታ።