አራት ሰዓት ላይ ወደ ግራ

አማቴን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወደ ክፍላችን ሲያስገቧት እጄን እየታጠብኩ ነበር። ስትሮክ መትቷት የቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ገና እንዳየችኝ «ሌላ ነርስ የለም?» አለች።

«የለም» አልኳት። «እኔው ነኝ ያለሁልዎት።»

በአፌ እርስዎ እላታለሁ። በሆዴ ግን ከአራት ዓመት ወዲህ አንቺ ነው የምላት፤ እዚህም እንደ ሆዴ ልናገር።

ባሌ ልቡ ቆሞ የሞተው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ብድግ ብላ፣ «የሰው ልጅ ስታስታምም የእኔን ልጅ ገደለችው!» አለች። አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ተይ!» አላላትም። በሳምንቱ መጥታ ፎቶውን ከግድግዳዬ ላይ አውርዳ ወሰደችው። ምስማሩ ብቻ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ምስማር እያየሁ፣ ቆይ፣ አንድ ቀን እጄ ትገቢያለሽ ስል ኖርኩ። ይኸው ገባች፤ አልጋ ስድስት።

እንዳትሳሳቱ፣ በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፣ ገላዋን አጥባታለሁ። መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ሰውነቱ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ አንዴ በግራ ጎኑ፣ አንዴ በቀኙ፣ አንዴ በጀርባው። እሷንም አንድ ጊዜ አላሳለፍኳትም። የተበቀልኳት በዚያው በመገልበጡ ነው።

ኦክስጅን የምንለው ሰውዬ አለ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሲሊንደሮቹን ሊያይ ይመጣል። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ዴስኬ ጋ ሲደርስ እርምጃው ይዘገያል፤ የጽዳት ሴቶቹም «ኧረ ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ አጠረው!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ቀና ብዬም አላየውም ነበር። አማቴ በገባች በሦስተኛው ቀን ግን ወንበር ሳብኩለት።

አማቴ በግራ ጎኗ ስትተኛ ፊቷ ወደ ዴስኬ ነው፤ በቀኟ ስትተኛ ወደ መስኮቱ። አራት ሰዓት ላይ ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ይገለበጣል። እሷን ብቻ ወደ ዴስኬ አዞርኳት። እስቲ እዪ! አልኩ በሆዴ። የልጅሽ ገዳይ ሊፒስቲክ ተቀብታ ስትስቅ እዪ!

ታያለች። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መልሳ ትገልጣለች። ደስ ሲለኝ!

ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰውዬው የሚወደድ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን «ሻይሽ ቀዝቅዟል» ብሎ የራሱን ሰጠኝ። ሌላ ቀን ስለ ባሌ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ እንዴት እንደሞተ ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱ ግን «ምን ያስቀው ነበር?» አለኝ።

«ፀጉር ቆራጩ አንገቱ ጋ ሲደርስ መንከትከት ይጀምራል» አልኩት። «ሁልጊዜ ፀጉሩ ከኋላ ወልጋዳ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። አልጋ ስድስትን ጭራሽ ረስቻት ነበር። ወደድኩት፣ አለቀ።

ከቀናት በኋላ የጎረቤቷን ሲሊንደር ሊቀይር ጎንበስ ሲል የአማቴን የመገልበጫ ወረቀት አየ። ሰውዬው ያገኘውን ሁሉ ካላነበበ አይሆንለትም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከክፍሉ በር አጠገብ ጠበቀኝ።

«አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ መስኮት ነው። አልጋ ስድስት ብቻ ወደ እኛ። ማን ናት?»

«አማቴ።»

 ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነሳም። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እኔ ለካ ማናደጃ ነኝ» አለ።

«መጀመሪያ ላይ ነበር። አሁን ግን...»

«ዛሬስ ወዴት አዞርሻት?»

 ወደ ግራ ነው ያዞርኳት።

«ከፈለግሽኝ» አለ፣ «ማንም በማያየን ቦታ ፈልጊኝ።»

በማግስቱ ሲሊንደሩን ሌላ ሰው ይዞ ገባ። «ያኛውስ?» ብዬ እንዳልጠይቅ ኩራቴ ያዘኝ። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነ። አማቴንም አራት ሰዓት ላይ እንደ ሰዉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ማዞር ጀመርኩ። ማንን አሳያታለሁ ደግሞ!

በአራተኛው ቀን በቀኝ ጎኗ አዙሬያት፣ ትራሱን ከጀርባዋ ሳላደርግ፣ ትከሻዋን ይዤ ሳለሁ «ያውና» አለች።

«ምኑ?»

«ኦክስጅንሽ። ግቢው ውስጥ፣ የሲሊንደር መኪናው ጋ ቆሟል። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ቆሞ በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

 «እያዩት ነው ዝም ያሉኝ?»

«አንቺስ ወደ ግራ ስታዞሪኝ ለምን እንደሆነ ነግረሽኛል?»

ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ብለቃት በደከመው ክንዷ ላይ ተደፍታ ትቀራለች። ልልቀቃት? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሰብኩት። ለቅሶው፣ ምስማሩ፣ ሁሉም መጣብኝ። እሷም እንዳሰብኩት ገብቷታል፤ ደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጧል።

ትራሱን ከጀርባዋ ሸጎጥኩ። ሁለተኛውን በጉልበቶቿ መሃል አደረግኩ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች።

«እኔም አላልኩዎትም።»

«በጀርባዬ አስተኚኝ።»

«ተራው አይደለም እኮ!»

«አስተኚኝ እልሻለሁ! ጣራውን ልይ። ማንም በማያየን ቦታ ብሎሽ የለ? ጆሮዬም እንደ ምላሴ ደህና ነው።»

ሞተሩ እየጮኸ፣ ትራሶቹን አውጥቼ በጀርባዋ አስተኛኋት። ጣራው ላይ አፈጠጠች። እንባዋ በጎን ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

«ልጄ ሕፃን ሆኖም አንገቱን አያስነካም ነበር» አለች። «ትልቅ ሰው ሆኖም እንደዚያው መሆኑን ግን ካንቺ ሰማሁ። ሂጂ በቃ!»

ሮጥኩ። መኪናው ከግቢው ሊወጣ ሲል ፊቱ ተገተርኩበት። ፍሬን ያዘ፣ አንገቱን አውጥቶ አየኝ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ቀና አለ።

«ዛሬስ ማን እያየን ነው?»

«ማንም» አልኩ እያለከለክኩ። «ጣራ ነው የምታየው። ራሷ ናት በጀርባዬ አስተኚኝ ያለችኝ።»

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሳቁ መጣበት፤ እንደ ልማዱ አፉን ሊሸፍን ሲል እጁን ያዝኩት።