ሦስት ጊዜ የተመለሰ ደም

የላቦራቶሪው ባለሙያ የላክሁትን ደም ለሦስተኛ ጊዜ ሲመልስብኝ ትዕግሥቴ አልቆ ደረጃውን ወረድሁ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለው?»

«ሰዓት፣ ዶክተር» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ልጅቷ የወደቀችበት ሰዓት አልተጻፈም።»

«የተቀዳበት ተጽፏል።»

«እሱ የእርስዎ ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው የእሷን ነው።»

ያናደደኝ እውነቱ ከእርሱ ጋር መሆኑ ነው። ልጅ በሚጥል በሽታ ሲንዘፈዘፍ ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይጨምራል፤ በቆመበት ራሱን ስቶ ሲወድቅ ግን፣ ጥቂት ቢንዘፈዘፍ እንኳ፣ እምብዛም አይጨምርም። ልዩነቱ የሚታየው ለአጭር ጊዜ ነውና ሰዓቱ ካልታወቀ ቁጥሩ ከንቱ ነው።

የሰባት ዓመቷ ታካሚዬ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወድቃለች። አለቃዬ ለዓመታት የሚዋጠውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከነገ ወዲያ ሊያስጀምሯት ወስነዋል። እናቷ ግን፣ «ልጄ በሌለባት በሽታ ስም እንዳይወጣላት» እያለች እግር በእግር ትከተለኛለች።

በማግስቱ ዎርድ ስገባ ያ ደረቅ ሰው የበረዶ ሣጥን ታቅፎ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዕረፍቴ ነው» አለኝ። «ሰዓቱን ራሴ ልጽፍ መጣሁ።»

«እኔን ስለማታምን?»

«እርስዎንማ አምናለሁ። የማላምነው የእጅ ጽሑፍዎን ነው።»

እናትየው ፈገግታዋን በመዳፏ ሸፈነች። «እናንተ ልጆች፣ ተጋብታችሁ ብትጨቃጨቁ አይሻልም?»

ሁለታችንም ወለሉን አየን።

በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ወደ መስኮቱ ልትሄድ ብድግ አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወደቀችና ተንዘፈዘፈች።

«አራት ሰዓት ከሃያ» አለ፣ ጭንቅላቷን በእጁ ደግፎ። ስትረጋጋ ደም ቀዳሁ፤ እርሱም ይዞት ሮጠ።

ላክቴቱ አልጨመረም። ደም ብቻውን ዳኛ አይሆንምና እንከን ያልታየበትን የልቧን ምርመራና ስትቆም የሚወርደውን የደም ግፊቷን አያይዤ አቀረብሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡና የመድኃኒቱን ትእዛዝ ሰረዙት።

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ እንባዬ አመለጠኝ። ለካ ያ ደረቅ ሰው ከኋላዬ ቆሟል።

«ልጅ ዳነች ተብሎ ይለቀሳል?»

«ሂድ፣ ተወኝ።»

«ስታለቅሺ ትቼሽ የት እሄዳለሁ?»

አልሄደም። ከተጋባን ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው፤ ዛሬም ከእርሱ ጋር መሟገት ያታክተኛል።