ትንሿን ፈልጌ ነው

ኸልፋንን መጀመሪያ ያየሁት ከወገብ በታች ብቻ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከቆመች አሮጌ ፓትሮል መኪና ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶውን ነው። አባቴ ልማዱ አልለቅ ብሎት ከሥር የገባ መስሎኝ «ውጣ እንጂ፣ የምሳው ሀሪስ ቀዘቀዘ» አልኩና ባዶውን እግር በጫማዬ ጫፍ ነካ አደረግኩት።

ከሥር የመጣው ድምፅ ግን የአባቴ አልነበረም።

«እኔ ምሳ በልቻለሁ፣ እህቴ።»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ግንባሩ ከመኪናዋ ሆድ ጋር ተላተመ። እናቴ ድምፁን ወጥ ቤት ሆና ሰምታ ምን ተሰበረ ብላ ወጣች።

ፍቅር በዚህ ዓይነት ይጀምራል ብዬ አላምንም ነበር። የኔ ግን የጀመረው እንዲህ ስለሆነ ሳላሳምር እነግራችኋለሁ።

አባቴን ከተማችን ራስ አል ኸይማ ውስጥ መኪና የሚጎረጉር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በታላቅ ወንድሜ ስም አቡ ራሺድ ይሉታል። ጋራዥ የለውም፤ የሚሠራው ግቢያችን ውስጥ ከተምር ዛፉ ሥር ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብሎን መያዝ ሲያቅተው ሥራውን በአፉ አደረገው። እሱ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይናገራል፣ ወጣቶቹ ይፈታሉ፣ ያስራሉ። ከነሱ ውስጥ የማይቀረው ኸልፋን ነበር። ሰፈሩ ከኛ ሰፈር ቀጥሎ ነው፤ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል፣ ወሬ አያበዛም። እኔ ከመድኃኒት ቤት ሥራዬ ስመለስ መፍቻና ካቻቢቴ አቀብላቸዋለሁ። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ኸልፋን መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ቤት የምገባበት ሰዓት እየፈጠነ ሄደ፤ እናቴ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ብርዱ ሲገባ ወንዶቻችን የሚያወሩት ከከተማው ውጭ ስላለው ረጅሙ የአሸዋ ዳገት ብቻ ነው። መኪናህ ጫፉ ላይ ከወጣች ሰው ነህ። ግማሽ ላይ ከቀረች እስከሚቀጥለው ብርድ መሳቂያ ነህ። ያለ ቱርቦ ደግሞ ዳገቱን የሚያስበው የለም። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረች ሞተሩን ተጨማሪ አየር የምትግት ነገር ናት። ትልቅ ከሆነች ጉልበቷ ብዙ ነው፣ ግን እስክትነቃ ታስጠብቃለች። ትንሽ ከሆነች ወዲያው ትነቃለች፣ ሞተሩ ሲጮህ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ወንዶቹ የሚጣሉት በዚህ ምርጫ ነው፤ ወንድማማቾች ተኮራርፈውበታል።

ኸልፋን ለፓትሮሉ ትልቅ ገዛ። አባቴ ገና ከካርቶኗ ስትወጣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ሴትዮ አርፋጅ ናት» አለው። «አንተ ዳገቱ እግር ላይ ሆነህ ጉልበት ስትለምናት እሷ ገና ፊቷን ትታጠባለች።»

«ስትነቃ ግን ማን ይይዛታል፣ አቡ ራሺድ?»

«አሸዋው ይይዛታል።»

አሸዋውም ያዛት። ያን ቀን ከእናቴ ጋር ሆኜ ከሩቅ እያየሁ ነበር። መኪናዋ እየተንገታገተች ግማሽ ድረስ ወጣች፣ ቆመች፣ ጎማዎቿ መስመጥ ጀመሩ። ቱርቦዋ የነቃችው ያኔ ነው። ፉጨቷ እኛ ጋ ተሰማ፣ የበተነችው አሸዋም የተመልካቹን ሻይ ሞላው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኸልፋን ወርዶ ጎማውን አየ፣ ቀጥሎ ወደኛ አየ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢያችንን አልረገጠም። እኔም ከሥራ ቶሎ የምወጣበት ምክንያት አጣሁ። ናፈቀኝ።

አሁን ስለ ሌላዋ ቱርቦ ልንገራችሁ። መጅሊሳችን ውስጥ፣ እንግዳ የምንቀበልበት ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ የተቀመጠች ናት። አባቴ በጉልበቱ ዘመን ያንን ዳገት የወጣው በሷ ነው። የገዛት እኔ በተወለድኩበት ዓመት ስለሆነና እኔም የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ቤታችን ውስጥ ሁለት «ትንሿ» ነበርን። አባቴ «ትንሿን አምጡልኝ» ሲል እናቴ «የምትናገረዋን ነው የማትናገረዋን?» ትለዋለች። ብዙ ሰው ሊገዛት ጠይቆት እምቢ ብሏል። አንዱን እንዲያውም ከቤት አስወጥቶታል።

አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ኸልፋን ከአጎቱ ጋር መጣ። ነጭ ጀለቢያው ተተኩሷል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። እናቴና እኔ በበሩ ክፍተት እናያለን። አባቴ ቡና ቀዳላቸው፣ አጎትየው ጠጣ። ኸልፋን ግን ሲኒውን ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠው።

በኛ ዘንድ ከባድ ልመና ይዞ የመጣ ሰው ቡናውን አይጠጣም። ባለቤቱ ጉዳዩን ሰምቶ «ጠጣ» እስኪለው ይጠብቃል። «ጠጣ» ተብሎ ከጠጣ ነገሩ አለቀ፣ ቃል አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚደረገው ደግሞ ለአንድ ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ለመጠየቅ። የእናቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ተቀበሩ።

«ተናገር፣ ልጄ» አለ አባቴ።

«አቡ ራሺድ... ትንሿን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ምን ያህል እንደሚሳሱላት አውቃለሁ። በኔ እጅ ክፉ አይነካትም።»

አባቴ ጀበናውን አስቀመጠ።

«ስንቱን መልሻለሁ። አንተ ግን አሳምነኸኛል። ጠጣ፣ ያንተ ናት።»

ኸልፋን ሲኒውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። አጎትየው ፈጣሪን አመሰገነ። አባቴም ዓይኑን በሻሹ ጫፍ ጠረግ አድርጎ እሷም መጠየቅ አለባት አለ።

«ማን?» አለ ኸልፋን።

አባቴ አልሰማውም፣ እኔን እየጠራ ነበር። ሻሼን አስተካክዬ ገባሁ።

«ዓፍራ፣ ኸልፋን ፈልጎሽ መጥቷል። ምን ትያለሽ?»

«እሺ» አልኩ። አባቴ ንግግሩን ሳይጨርስ ማለቴ ነው።

ኸልፋን መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን አየ። የሁላችንም ዓይን ተከትሎት መደርደሪያው ላይ አረፈ። አጎትየው እጅጌውን ጎተተው፤ ዝም በል ማለቱ ነበር። ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያልፍ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቡ ራሺድ» አለ ኸልፋን። «እኔ የመጣሁት ለቱርቦዋ ነው።»

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትንሽ አለቀሰች፣ ትንሽ ሳቀች፣ መልሳ አለቀሰች። አጎትየው ምድር ብትውጠው እየተመኘ ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማናል። ኸልፋን ቱርቦዋም ትቅርብኝ ብሎ ተነሳ። አባቴ ጠጥተሃል፣ ቃል ነው ብሎ አሸከመው። ኸልፋን ሲወጣ ግን ደጃፉ ላይ ከነጨርቋ አስቀምጧት ሄደ።

በማግስቱ አባቴ ቃሌ ደጅ ተጥሎ አይቀርም ብሎ ቱርቦዋን አነሳና ወደ ኸልፋን ቤት ንጂልኝ አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ነዳሁለት፤ ኸልፋንን ግን ቀና ብዬ ላላየው ለራሴ ምያለሁ።

ግቢው ውስጥ አገኘነው። ኮፋኖው ተከፍቶ ትልቋ ወልቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እናቱ ደጃፉ ላይ ሆነው ተምር ይለቅማሉ። አባቴ ወንበር አስመጣና በሉ እንጀምር አለ። ጀመርን። ኸልፋን ጭስ እንዳያመልጥ መሐል የሚገባውን የድሮ ጓርኒሲዮን ፍቆ አጸዳ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ትንሿን አስቀመጠ። ብሎኖቹን በግራ በቀኝ እያፈራረቀ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ፤ አንዱን ወገን ቀድመህ ካጠበቅክ ጭስ ያመልጣል። እኔ ሳልጠየቅ መፍቻውን አቀብላለሁ፣ እሱ ሳያይ ይቀበላል። እጃችን ሥራውን ስለሚያውቀው መነጋገር አላስፈለገንም።

አባቴ ለከሰዓት በኋላው የዓስር ጸሎት ወደ መስጊዱ ሄደ። ኸልፋን በዘይት መግቢያዋ ቀዳዳ ዘይት ያንጠባጥባል፣ በሌላ እጁ ጣት ክንፏን ቀስ እያለ ያዞራል። ሳይረጥብ የሚሽከረከር ዘንግ ወዲያው ይበላል።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት። መሐላዬ እዚያ ላይ ፈረሰ።

ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ላንቺ ብመጣ ኖሮ አንድ አጎት ብቻ ይዤ የምመጣ ይመስልሻል? ሰፈሩን ነበር የማንቀሳቅሰው።»

እጄ ላይ ያለውን መፍቻ አስቀመጥኩ። እውነቱን ነው። ለሙሽራ ልመና በአንድ አጎት የመጣ ሰው አገራችን ውስጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አባቴ ይህን ያውቃል፣ እናቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁላችንም የረሳነው ሁላችንም ስለፈለግነው ነው።

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ግማሽ ዳገት ላይ የቀረ ሰው የአባትሽን በር ምን ብሎ ያንኳኳል? መጀመሪያ ልውጣው፣ ከዚያ እመጣለሁ ብዬ ነው ትንሿን የለመንኩት።»

«ዳገቱን የጠየቀህ ማን ነው? እኔ ጠይቄሃለሁ?»

የዘይት ጣሳውን አስቀመጠና በቀጥታ አየኝ።

«አርፋጅ ነህ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

አባቴ ሲመለስ ዘይቱ ገባ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። ሞተሩ እንዳይነሳ ካንዴላዎቹን ነቅለው ደጋግመው አዞሩት፣ ዘይት ትንሿ ጋ እስኪደርስ። መልሰው ገጥመው ሲያስነሱት ትንሿ ወዲያው አፏጨች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት። ከብዙ ዓመት በፊት የሰማትን ነው የሚሰማው። ወደ ቤት ስነዳው ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

በቀጣዩ ዓርብ መንገዳችን በፓትሮል ተዘጋ። አጎቶች፣ የአጎት ልጆች፣ የወደብ ሰዎች፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ መጡ፤ መጅሊሱ ሞልቶ ግቢው ውስጥም ምንጣፍ ተነጠፈ። ኸልፋን ዳገቱን ገና አልሞከረውም ነበር። የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እኔን ጎኑ አስቀምጦ። ያን ዓርብ ግን የመጣው ግማሽ ዳገት ላይ የቀረው ሰው ነው።

አባቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቡናውን ራሱ ቀዳ። አንድ ሰው አልጠጣም። ሲኒዎቹ ሁሉ በየሰዉ ፊት ተቀመጡ። አባቴ ደስታውን ደብቆ ፊቱን አኮሳተረ።

«ዛሬስ የትኛዋን ፈልጋችሁ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መልሱን ያወቀው ኸልፋን ብቻ ነው፤ እናቴ ያንን ቀልድ ስትናገር እዚያ ግቢ ውስጥ ከመኪና ሥር ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

«የምትናገረዋን» አለ።

አባቴ ወደ በሩ ዞሮ «ዓፍራ፣ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህኛው ቀን አልቸኮልኩም። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ በክፍተቱ አየሁት። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ያልተነካ ሲኒ ፊቱ አስቀምጦ፣ ላብ ላብ እያለው ይጠብቃል። ትንሽ ይጠብቅ አልኩ፤ እኔም ጠብቄዋለሁ። ቡናው መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን አሳዘነኝ።

«ይጠጣ» አልኩ።